የጋራዥ ቋንቋችን ለምን ጣሊያንኛ ሆነ?

አሮጌ መኪና ያለውን የየካ ሚካኤል ሰው "ምን ሆና ነው የቆመችው?" ብላችሁ ጠይቁት። ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ፍሬቻ እያለ ይዘረዝርላችኋል። የሚፈታው ቡሎንና ዳዶ ነው፤ የሚፈታበትም ካቻቢቴና ፒንሳ። አማርኛ እያወራ ነው፤ ቃሉ ግን አብዛኛው ጣሊያንኛ ነው። ይህ እንዲሁ የቋንቋ ወግ አይደለም። አንድ ሙያ ከማን እጅ እንደመጣና እንዴት የእኛ እንደሆነ የሚናገር ታሪክ ነው። በነዳጅ የሚሠራ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ በተከለከለበት በዚህ ጊዜ ደግሞ ታሪኩ ወደ ፊትም ይጠቅመናል።

ነገሩ የሚጀምረው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ አስመጣ፤ ሕዝቡም "የሰርኪስ ባቡር" አለው። በ1900 ዓ.ም ደግሞ እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሌይ ከጅቡቲ ተነስቶ፣ መንገድ በሌለበት መንገድ፣ አዲስ አበባ ድረስ መኪና አመጣ። ያኔ መኪና የቤተ መንግሥት ዕቃ ነበር። ዕቃው ገብቷል፤ ሙያው ግን ገና አልገባም።

ሙያው በብዛት የገባው በመጥፎ መንገድ ነው፤ ከወራሪ ጋር። ከ1928 እስከ 1933 ጣሊያን ጦሩን ለማንቀሳቀስ መንገድ ሠራ፣ የጭነት መኪና አግተለተለ። መኪናው ሲበላሽ ቁልፍ የሚያቀብል፣ ጎማ የሚያወርድ ሰው ያስፈልጋል። የእኛ ልጆች በዚያ ሥራ ላይ እያዩ ተማሩ። ከነጻነት በኋላም ብዙ ጣሊያናውያን ባለሙያዎች እዚሁ ቀርተው ጋራዥ ከፈቱ። ተግባረ ዕድም ሥራውን ወደ ትምህርት ቤት አስገባው። ልጁ ቁልፍ አቀባይ ሆኖ ይጀምራል፣ ረዳት ይሆናል፣ መካኒክ ይሆናል፣ በመጨረሻ የራሱን ጋራዥ ይከፍታል። ጣሊያኖቹ ሄዱ፤ ቃሉና ሙያው ቀረ።

ቀጥሎ ሙያው ከጋራዥ ወጥቶ ግቢ ገባ። እዚህ ላይ ምስጋናው ለመኪኖቹ ነው። ቮልስ ሞተሩ በአየር ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተር የለው፣ ውኃ አይፈላበት። ሰይቼንቶ፣ ማለትም ፊያት 600፣ ታክሲ ሆኖ ከተማውን አገለገለ። በደርግ ጊዜ ላዳ መጣ፤ ከዚያ ቶዮታ ዲኤክስ። እነዚህ መኪኖች የሚያመሳስላቸው ነገር አለ፤ ኮፈኑን ስትከፍቱት ሁሉም ነገር ይታያል። አባት እሁድ ከሰዓት ካንዴላ ፈትቶ ያጸዳል፣ ካርቡራተር ይነፋል፣ ልጁ ባትሪ ያበራለታል። የጠፋ ዕቃ ሶማሌ ተራ ይፈለጋል።

የካ ላይ ደግሞ ይህ እውቀት ቅንጦት አይደለም። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ነው። በዚያ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠረፍ ካለው ወደ 70 በመቶ ይወርዳል። አየር ሲያንስ በካርቡራተር የሚሠራ ሞተር ነዳጅ ይበዛበታል፤ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ዳገቱ ላይ ይደክማል። ውኃም እዚያ ላይ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ላልቶ ግፊት ካልያዘ መኪናዋ አፍልታ ትቆማለች፤ ዝም ብሎ መንዳት የቀጠለ ሰው ደግሞ ቴስታታ ያቃጥላል። የክዳኑን ነገር የሚያውቅ ባለቤት በትንሽ ብር ከትልቅ ወጪ ይድናል።

ቁልቁለቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የፍሬን ዘይት በጊዜ ብዛት እርጥበት ይስባል። ሸራው ሲግል ያ እርጥበት ይተንና ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። "ፍሬን በጠሰ" የሚባለው አንዳንዴ ምንም ሳይበጠስ ነው። እናም "መኪናዬን ራሴ እሠራለሁ" የሚል ሰው ዘይቱን በጊዜው ይቀይር፣ ከባድ ማርሽ ይዞ ይውረድ፣ ፍሬን ላይ ጥርጣሬ ካለው ለባለሙያ ያሳይ። አሮጌ መኪና የሚያጨስና አደጋ የሚያመጣ ነው የሚሉ ሰዎች ግማሽ እውነት አላቸው። ሌላው ግማሽ ግን ያልተጠገነ መኪና እንጂ ያረጀ መኪና ብቻውን ገዳይ አለመሆኑ ነው።

አሁን ወደ ዛሬው እንምጣ። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ 1186/2012 በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 አጋማሽ ደግሞ መንግሥት የነዳጅ መኪና ማስገባት እንደተከለከለ አስታወቀ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለችው ዲኤክስ ገና ብዙ ዓመት ትነዳለች፤ የምትነዳውም በጥገና ነው። አዲስ የሚገባው የኤሌክትሪክ መኪና ነው። ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ ለምንገዛ፣ መብራት ግን ከራሳችን ውኃ ለምናመነጭ ሕዝብ ሐሳቡ መጥፎ አይደለም።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የዚህ መኪና ባትሪ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይይዛል፤ በካቻቢቴ የሚነካ አይደለም። ብልሽቱ የሚነበበው በኮምፒውተር ነው። ከቻይና ገበያ በቀጥታ የመጣው መኪና ስክሪኑ ሳይቀር ቻይንኛ ነው። እንግዲህ ወደ 1900 ዓ.ም ተመልሰናል ማለት ነው፤ ዕቃው ገብቷል፣ ሙያው አልገባም።

ያኔ ሙያው እስኪገባ ሦስት አስርት ዓመታት ፈጀ፤ ያውም በወራሪ እጅ። አሁን በራሳችን ፈቃድ ማስገባት እንችላለን። መኪና አስመጪ መለዋወጫና የብልሽት ማንበቢያ አብሮ እንዲያስገባ ይገደድ። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች የከፍተኛ ቮልት ጥገናን በደህንነት መሣሪያ ያስተምሩ። በየሠፈሩ ላሉት ባለ ጥቁር እጅ መካኒኮች አጭር ሥልጠናና የምስክር ወረቀት ይሰጥ፤ ፍሪሲዮንን ያለ መጽሐፍ የተማረ ሰው ባትሪን በመጽሐፍ አያቅተውም።

መኪና መግዛት ገንዘብ ላለው ሁሉ ቀላል ነው። መኪናው የእኛ የሚሆነው ግን ሲበላሽ ስናስነሳው ነው።