ስም ሲጠራ፦ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና የእኛ ታሪክ

በዚህ እትም ስለ ቁጠባና ብድር ሳይሆን ስለ አንድ ደብተር ልናወራችሁ ነው። ደብተሩ በሰፈራችን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህራን በየጠዋቱ የሚይዙት የስም መጥሪያ ነው።

አንዳንዶቻችን በዚያው ትምህርት ቤት ለተማሪዎች ምግብ እናበስላለን። ሌሎቻችን ደግሞ በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ውስጥ እናገለግላለን። ስለዚህ የግቢውን ውሎ ከደወል እስከ ደወል እናውቀዋለን። ገና ጎህ ሳይቀድ ምድጃው ይለኮሳል። ልጆቹ ቁርሳቸውን በልተው እጃቸውን ሲታጠቡ ደወል ይደወላል። ይሰለፋሉ፤ ሰንደቅ ዓላማ ይሰቀላል፤ መዝሙር ይዘመራል፤ ሚኒ ሚዲያው የዕለቱን ማስታወቂያ ያሰማል። ከዚያ ወደ ክፍል ይገቡና መምህሩ ስም ይጠራል። ያለ ልጅ «አቤት» ይላል። መልስ ካልተሰማ «ቀሪ» ተብሎ ይጻፋል።

በጥቅምት ወር በተደረገው ስብሰባ ዩኒት ሊደሩ በ5ኛና በ6ኛ ክፍል ሴቶች ልጆች መቅረት እያበዙ መሆኑን ነገሩን። ከርእሰ መምህሩ ፈቃድ ጠይቀን ደብተሩን አብረናቸው አየን። የቀሪ ምልክቱ በማክሰኞና በዓርብ ይደራረባል፤ ያውም በሴቶቹ ስም ላይ። ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ መጠየቅ አላስፈለገንም። በእኛ ሰፈር የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ነው፤ የሚመጣውም በእነዚያ ቀናት ነው።

ያን ቀን ወደ ቤታችን ስንመለስ ሁላችንም ስለ ራሳችን ልጅነት ማውራት ጀመርን። ይህ ጽሑፍ የዚያ ወሬ ልጅ ነው።

በሀገራችን ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከመከፈቱ በፊት ልጆች የሚማሩት በቄስ ትምህርት ቤት ወይም በቁርዓን ቤት ነበር። በቄስ ትምህርት ቤት ሀሁ ይቆጠራል፤ አቡጊዳና መልእክተ ዮሐንስ ይከተላሉ፤ ልጁ ዳዊት ሲደግም ወላጆቹ ደስ ይላቸዋል። ዛፍ ሥር ወይም በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ከሚቀመጡት አብዛኞቹ ወንዶች ነበሩ። ሴት ልጅ ማንበብ ብትማርም በአብዛኛው የመኳንንት ልጅ ሆና በቤቷ አስተማሪ ሲቀጠርላት ነበር።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በስማቸው የሚጠራውን ትምህርት ቤት ሲከፍቱ መምህራኑ የመጡት ከግብፅ ነበር። በ1917 ዓ.ም. ደግሞ ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተከፈተ። ሁለቱም ትልቅ ሥራ ሠርተዋል፤ ነገር ግን የተከፈቱት ለወንዶች ልጆች ነበር። ለሴቶች ልጆች ታስቦ በመንግሥት ደረጃ የተቋቋመው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ነው፤ እሱም የተከፈተው በ1924 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ከመጀመሪያው የመንግሥት ትምህርት ቤት እስከ መጀመሪያው የሴቶች ትምህርት ቤት ድረስ ከ20 ዓመት በላይ አለፈ። በዚያ ጊዜ ውስጥ አንዲት ሕፃን ተወልዳ፣ አድጋ፣ ተድራ ልጅ ትወልዳለች።

የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ብዙም ሳይቆይ የጣልያን ወረራ መጣ። በእነዚያ 5 ዓመታት ለኢትዮጵያውያን ልጆች የተጀመረው ትምህርት ተቋረጠ፤ ከተማሩት ጥቂት ወጣቶችም ብዙዎቹ ተገደሉ። በስደት፣ በእስርና በአርበኝነት ካለፉት መካከል ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ይገኛሉ። በስዊዘርላንድ የተማሩት እኚህ ሴት በጣልያን ሀገር በአዚናራ ደሴት ታስረው ነበር። ከነጻነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት ሆኑ፤ በ1950 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫም የሕዝብ እንደራሴ ሆነው የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል ለመሆን በቁ። ትምህርት ቤቱም በደርግ ዘመን የካቲት 12 ተብሎ ሲጠራ ቆይቷል።

ከነጻነት በኋላ ትምህርት ቤቶች ከአዲስ አበባ አልፈው በየጠቅላይ ግዛቱ ከተሞች ተስፋፉ። አንደኛ ደረጃ እስከ 6ኛ ክፍል ነበር፤ ቀጥሎ 2 ዓመት መለስተኛ፣ ከዚያ 4 ዓመት ሁለተኛ ደረጃ። ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በአንደኛ ደረጃ ትምህርቱ በአማርኛ ሆነ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ለአንድ ዓመት ወደ ገጠር ከተሞች እየወጡ ያስተምሩ ነበር። ከእኛ በዕድሜ የገፉት እናቶች እነዚያን ወጣት መምህራን ዛሬም ያስታውሷቸዋል፤ ጠመኔ የነካ ኮታቸውን፣ ግብረ ገብ ሲያስተምሩ የሚቆጡትን ቁጣ።

ከእነዚህ እናቶች አንዷ የነገሩንን ለዚህ ጽሑፍ እንድናውለው ፈቅደውልናል። እስከ 3ኛ ክፍል ተምረዋል፤ በካርዳቸው ላይም ከክፍሉ 2ኛ ወጥተዋል። ትምህርት ቤቱ ከቤታቸው ብዙም አይርቅም፤ ክፍያውም አባታቸውን የሚያቅት አልነበረም። ግን እናታቸው ወለዱ፤ ወንዙ ሩቅ ነበር፤ እንስራውን የሚሸከም ሌላ ሰው አልነበረም። «አራስ እስክትነሣ ብቻ ቅሪ ተባልኩ» አሉን። አራሷ ተነሣች፤ እሳቸው ግን አልተመለሱም። ወንድማቸው 6ኛ ክፍል ደርሶ ሚኒስትሪ ሲፈተን ስንቁን የቋጠሩለት እሳቸው ነበሩ።

በታሪክ መጻሕፍት የሚቆጠረው የተከፈተው በር ነው። እኛ ግን በር ተከፍቶም ያልገባነውን መቁጠር እንፈልጋለን። ከብዙዎቻችን ጋር የተፈጠረው ይኸው ነው። «ሴት ልጅ ተምራ የት ልትደርስ» ያለ ወላጅ ነበር፤ እሱን አንክድም። ነገር ግን ልጁን እየወደደ፣ እንድትማርም እየፈለገ፣ ለውሃውና ለማጀቱ ሌላ ሰው ያጣ ወላጅም ብዙ ነበር።

በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ በሀገራችን ከ10 ሰው 9ኙ ያህል ማንበብና መጻፍ አይችልም ነበር። በ1971 ዓ.ም. ክረምት የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ታወጀ። ዘመቻው ቀስ በቀስ በ15 የሀገራችን ቋንቋዎች ተካሄደ፤ ከአንድ ዓመት በኋላም በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘ። ዘመኑ ለብዙ ቤተሰብ የሐዘን ዘመን እንደነበር እናውቃለን፤ ከመካከላችንም ልጅና ወንድም ያጡ አሉ። ሆኖም እነዚያው እናቶች ስማቸውን መጻፍ የተማሩት በቀበሌው አዳራሽ፣ ልጅ አዝለው፣ ማታ ማታ ነው። 2ኛ የወጡት እናታችንም ያቋረጡትን ትምህርት የቀጠሉት እዚያ ነው። የማኅበራችንን የመጀመሪያ መዝገብ የያዙት እሳቸው መሆናቸውን ነባር አባላት ታስታውሳላችሁ።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን እስከ 8ኛ ክፍል አደረገው፤ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ፈቀደ፤ የመንግሥት ትምህርት ቤት ክፍያም እስከ 10ኛ ክፍል ተነሣ። በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ከ1 ሚሊዮን የማይሞላው የአንደኛ ደረጃ ተማሪ በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ከ14 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ክፍሎች ሞሉ፤ በብዙ ቦታ ልጆች ጠዋትና ከሰዓት በፈረቃ ተማሩ፤ በአንድ ዴስክ ላይም ተጣበው ተቀመጡ። በ1ኛ ክፍል የሴቶቹ ቁጥር ከወንዶቹ ጋር እየተቀራረበ መጣ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ አንደኛ ደረጃ እንደ ድሮው እስከ 6ኛ ክፍል ሆኗል።

በአዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለሚማሩ ልጆች ምግብ፣ ዩኒፎርምና ደብተር በከተማው አስተዳደር መቅረብ ጀመረ። በዚያው ዓመት መጋቢት 7 ቀን በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ምገባው ለልጆቹ ምን ያህል እንደነበር በዓይናችን አየን። ምገባው ለልጆቹ ቁርስና ምሳ ሲሆን፣ ለብዙ እናቶች ደግሞ የሥራ በር ነው። ሽሮውንና ምስሩን የምንሠራው እኛ ነን፤ በደመወዛችንም ቁጠባችንን እንከፍላለን።

ታዲያ ክፍያው ተነሥቶ፣ ምግቡ ቀርቦ፣ ደብተሩ ተሰጥቶ፣ ማክሰኞና ዓርብ «ቀሪ» የሚጻፍባት ልጅ ለምን ኖረች? እንስራው ወደ ጀሪካን ተለወጠ እንጂ ተሸካሚዋ አልተለወጠችም። ይህን ስንረዳ አፈርን። ከቀሩት ልጆች መካከል የእኛው የአባላት ልጆች ነበሩና። ጠዋት ለሌላ ሰው ልጅ ቁርስ ልንሠራ ስንወጣ የራሳችንን ልጅ «ውሃው ሊመጣ ይችላል፣ ዛሬ ቤት ሁኚ» ብለን እንሄድ ነበር።

ከኅዳር መጀመሪያ ጀምሮ ተራ አውጥተናል። ውሃ በሚመጣባቸው ቀናት ሥራ የሌላቸው ሁለት አባላት የስድስት ቤት ጀሪካን ይቀዳሉ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሌሎች ሁለት ይተካሉ። ገንዘብ አልወጣበትም። በወሩ መጨረሻ ደብተሩን እንደገና አየነው፤ የማክሰኞና የዓርብ ምልክት በጣም ቀንሷል።

አንዲት ልጅ ግን አሁንም ትቀራለች። እናቷ ለሥራ ዓረብ ሀገር ሄዳለች፤ ልጅቷ 6ኛ ክፍል ናት፤ በዚህ ዓመት ትፈተናለች። አያቷ ታመው ከተኙ ወዲህ ሁለት ታናናሾቿን የምትጠብቀው እሷ ናት። እሷን የውሃ ተራ አያድናትም። እሷን የመሰሉ ልጆችም በሰፈሩ አሉ።

ስለዚህ ለጥሩ ጠቅላላ ስብሰባ አንድ ጉዳይ ይቀርባል። በማኅበራችን ቤት ያለችውን የኋላ ክፍል ከትምህርት ቤት ሰዓት ጋር የሚሠራ የሕፃናት ማቆያ እናድርጋት ወይስ እንደታሰበው ለእንጀራ ሥራው ሁለተኛ ምጣድ እናስገባባት? ምጣዱ ገቢ ያመጣል፤ ለአምስት እናቶችም ሥራ ይሰጣል። ማቆያው ገቢ አያመጣም። ክፍሏ አንድ ናት፤ ሁለቱንም አትችልም። በዚህ ጉዳይ በመካከላችን አንድ ሐሳብ የለም፤ ይህን መደበቅ አንፈልግም።

ደጋፊዎቻችን በዚህ ላይ ሐሳባችሁን ብትልኩልን ደስ ይለናል። አባላት ደግሞ ከስብሰባው በፊት እቤታችሁ ሆናችሁ አንድ ነገር አስቡ፤ እናንተ ከትምህርት ቤት የቀራችሁበት ቀን ምን ሥራ ተሰጥቷችሁ ነበር? መልሱን ይዛችሁ ኑ። ድምፅ ከመስጠታችን በፊት እያንዳንዳችን ስማችን ሲጠራ እንናገራለን። የመጀመሪያዋን ተናጋሪ ቀድመን መርጠናል፤ 2ኛ የወጡት እናታችን ናቸው።

በሰላም ያገናኘን።