የሊስ ሃርትል ስም

በአገራችን ጀግና በፈረሱ ስም ይጠራል። ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው ስንል የኖርነው በዚሁ ልማድ ነው። በሆላንድ ግን ለአካል ጉዳተኞች የፈረስ ግልቢያ የሚሰጥ አንድ ድርጅት በጋላቢ ስም ተሰይሟል፤ ሊስ ሃርትል ይባላል። ሴትዮዋ ደግሞ ሆላንዳዊት ሳትሆን የዴንማርክ ተወላጅ ናት። ታዲያ ስሟ እንዴት እዚያ ደረሰ?

ሊስ ሃርትል የተወለደችው በ1921 ነው (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፈናል)። በ1944 ሁለተኛ ልጇን አርግዛ ሳለች የልጅነት ልምሻ ያዛት። የልጅነት ይባል እንጂ በሽታው ዐዋቂንም አይምርም። ልጅቱ በደኅና ተወለደች፤ እናቲቱ ግን ከጉልበቷ በታች ሽባ ሆነች። ጋላቢ ፈረሱን በአብዛኛው የሚያዝዘው በባቱ ግፊት ነው። እርሷ ባቷ አልታዘዝ ስላላት ጁቢሊ የተባለውን ፈረስ (በእኛ አነጋገር ኢዮቤልዩ መሆኑ ነው) በሰውነቷ ክብደትና በጀርባዋ እንቅስቃሴ ማዘዝን ለመደች። በ1947 በስካንዲኔቪያ ውድድር ሁለተኛ ወጣች።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር አለ። ድረሳዥ፣ ማለትም ፈረሱ በስውር ምልክት እየታዘዘ እርምጃውን የሚያሳይበት ውድድር፣ በኦሊምፒክ እስከ 1948 ድረስ ለሴቶችም ለበታች ሹሞችም ዝግ ነበር። በ1948 ለንደን ላይ ያሸነፈው የስዊድን ቡድን በማግሥቱ ዓመት ድሉን ተነጠቀ፤ ምክንያቱም ከአባላቱ አንዱ የበታች ሹም ሆኖ ሳለ ለውድድሩ ሲባል ብቻ መኮንን መደረጉ ተደርሶበት ነው። በ1952 ሄልሲንኪ ላይ በሩ ሲከፈት ሊስ ሃርትል ከወንዶች ጋር ተወዳድራ የብር ሜዳልያ አገኘች። አንደኛ የወጣው ስዊድናዊው መኮንን ሴንት ሲር ወደ ሽልማቱ መድረክ ደግፎ አወጣት። በ1956ም ሁለተኛነቱን ደገመችው። ይህ አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የተካፈለችበት የሜልቦርን ኦሊምፒክ ነው፤ የፈረሱ ውድድር ግን በአውስትራልያ የእንስሳት ቁጥጥር ሕግ ምክንያት ስቶክሆልም ላይ ተካሄደ።

እኛ እንደሚመስለን፣ ደንቡ ባይሻር ኖሮ ትጋቷ ብቻውን ስሟን ሆላንድ ባላደረሰው ነበር።

ተማሪዎቻችን «ታዲያ ፈረሱ አዳናት ወይ?» ብለው ይጠይቁናል። የሚራመድ ፈረስ የጋላቢውን ዳሌ ሰው በእግሩ ሲሄድ እንደሚንቀሳቀሰው አድርጎ ያንቀሳቅሰዋል፤ ስለዚህም ሚዛን ለመጠበቅና ጡንቻን ለማጠንከር ይረዳል። ሽባነትን ግን አያድንም። ሊስ ሃርትል ሄልሲንኪ ላይም ኮርቻ ላይ የወጣችው፣ ከኮርቻም የወረደችው በሰው ድጋፍ ነበር።