ዘንዶው ከነገሥታቱ ተርታ ምን ይሠራል?

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ክረምት፣ የካ አባዶ በሚገኘው ኮንዶሚኒየማችን መብራት በጠፋበት አንድ የነሐሴ ምሽት ነው። ውጭ ዝናቡ ያለ ርኅራኄ ይወርዳል፤ ከብሎካችን ፊት ያለው መንገድ ወንዝ መስሏል። ሻማ ለኩሰን ሳሎን ተሰብስበናል። በሻማው ብርሃን ከግድግዳው ላይ ጎልቶ የሚታየው የንግሥተ ሳባ ሥዕል ነበር፤ በ44 ሣጥን የተከፋፈለው፣ በብዙ ሰው ቤት የሚገኘው ዓይነት።

ልጄ የመጀመሪያውን ሣጥን በጣቷ ነክታ «አባዬ፣ ሰዎቹ ለምን ይሰግዱለታል?» አለችኝ። የምታሳየኝ ዘንዶውን ነው።

«ስለሚፈሩት ነዋ» አልኳት።

«ታዲያ ንጉሥ ለምን አሉት?»

መልስ አጣሁ። ይህ ጽሑፍ ያቺን ጥያቄ ለመመለስ የተደረገ ሙከራ ነው።

ታሪኩን አንባቢ ያውቀዋል። በጥንት ዘመን ኢትዮጵያን አርዌ የሚባል ዘንዶ ገዛ፤ ዘመኑም 400 ዓመት ነበር ይላሉ የነገሥታቱን ስም የያዙት መዛግብት። ሕዝቡ ከብቱንና ልጃገረዶቹን ይገብርለት ነበር። በኋላ አንጋቦ የተባለ ሰው ተነሣ። «ዘንዶውን ብገድለው ታነግሡኛላችሁ?» ብሎ ቃል አስገባቸው። መርዝ አዘጋጀ፤ ፍየል አበላ፤ ፍየሉን ለዘንዶው አቀረበ። ዘንዶው በልቶ ሞተ፤ አንጋቦም ነገሠ። በሥዕሉ ላይ ገዳዩ አጋቦስ ይባላል፤ የንግሥቲቱ አባት ነው።

ምድር ቤት የሚኖሩ የአድዋ አካባቢ ተወላጅ የሆኑ ጎረቤታችን እናት ግን ታሪኩን በሌላ መልክ ነው የሚያውቁት። እሳቸው እንዳጫወቱኝ፣ ተራ የደረሳት ልጃገረድ ለዘንዶው ተሰጥታ ከዛፍ ታስራ ሳለ ቅዱሳን መጥተው ከዛፉ ጥላ ሥር ያርፋሉ። እንባዋ ሲያርፍባቸው ቀና ብለው ያዩዋታል። ዘንዶውንም በመስቀል ይገድሉታል። ደሙ ግን ከልጅቷ ተረከዝ ላይ ፈሶ እግሯ የአህያ ኮቴ ይሆናል። በኋላ ነግሣ ወደ ሰሎሞን የሄደችው ለዚሁ ፈውስ ፍለጋ ነው። ጀርመናዊው የሴም ቋንቋዎች ሊቅ ኤኖ ሊትማን እ.ኤ.አ. በ1904 ያሳተመው የአክሱም ትውፊት ከዚህ ጋር እጅግ የተቀራረበ ነው። እኚህ እናት ሊትማን የሚባል ሰው መኖሩን ሰምተው አያውቁም፤ የሰሙት ከአያታቸው ነው።

የጥንቱ ዓለም ሕዝቦች ሁሉ ማለት ይቻላል እንዲህ ያለ አውሬ ነበራቸው። የእነሱ ግን የሚኖረው ከውኃ ውስጥ ነው። በ7 የሸክላ ጽላት ላይ በተጻፈው የባቢሎናውያን የፍጥረት ትረካ፣ ከሁሉ በፊት የነበረችው ቲያማት የተባለች የጨው ባሕር ናት። ባሕሪቱ ተቆጥታ እባቦችንና አስፈሪ ፍጥረታትን ወለደች። ማርዱክ የተባለው አምላክ በነፋስና በቀስት ገደላት፤ በድኗንም ለመድረቅ እንደተዘጋጀ ዓሣ ለሁለት ሰንጥቆ ግማሹን ሰማይ አደረገው። ባቢሎናውያን ይህን ትረካ በዘመን መለወጫ በዓላቸው ያነቡት ነበር፤ ዓለም በየዓመቱ እንደገና ከውኃ እጅ መትረፏን ለማሰብ ይመስላል።

በሶርያ ጠረፍ፣ ራስ ሻምራ ላይ፣ እ.ኤ.አ. ከ1929 ጀምሮ በተቆፈረችው በጥንታዊቷ ኡጋሪት ደግሞ በኣል የሚወጋው ሰባት ራስ ያለው ጠምዛዛ እባብ ስሙ ሎታን ነው። በኢሳይያስና በዳዊት መዝሙር የምናገኘው ሌዋታን የዚሁ ዘመድ መሆኑን ሊቃውንት ይስማሙበታል። በግብፅ አፔፕ የተባለው እባብ የፀሐይን ጀልባ በየሌሊቱ ያደባበት ነበር። ካህናቱ ምስሉን በሰም ሠርተው ይተፉበታል፤ በግራ እግራቸው ይረግጡታል፤ ያቃጥሉታል። በሕንድም ቭሪትራ ውኃውን አግቶ ይዞ ሳለ ኢንድራ ገድሎት ወንዞች ፈሰሱ ይላል ሪግ ቬዳ።

እኛስ የባሕሩን አውሬ አናውቀውም ማለት ነውን? እንዲያውም ስለ እርሱ ከተጻፉት ጥንታዊ ቃሎች አንዱን ጠብቀን ያቆየነው እኛው ነን። መጽሐፈ ሄኖክ ምዕራፍ 60 ላይ ሁለት ታላላቅ ፍጥረታት እንደተለያዩ ይናገራል፤ እንስቷ ሌዋታን ከውኃ ምንጮች በላይ በባሕር ጥልቅ ትኖራለች፤ ተባዕቱ ብሔሞት ደግሞ በማይታይ በረሃ ይኖራል። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉውን የሚገኘው በግዕዝ ነው። ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1773 ቅጂዎቹን ይዞ አውሮፓ እስኪደርስ ድረስ የዚያ አገር ሊቃውንት መጽሐፉን የሚያውቁት በቁርጥራጭ ነበር። በኋላ በሙት ባሕር አጠገብ፣ በቁምራን ዋሻዎች የአራማይክ ቁርጥራጮች ቢገኙም፣ ይህ ምዕራፍ ያለበት ክፍል ግን ከመካከላቸው አልተገኘም። መጽሐፈ ዕዝራ ሱቱኤልም ስለ እነዚሁ ሁለቱ ይተርካል። እንግዲህ የሌዋታንን ወሬ ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው ያቆዩት ባሕርን አይተው የማያውቁ የደጋ ጸሐፊዎች ናቸው ማለት ይቻላል።

ይህን ሁሉ እያወቁ ስለ ራሳቸው አገር ሲተርኩ ግን ዘንዶውን ከባሕር አላመጡትም። ግዕዙ እባብን «አርዌ ምድር»፣ የምድር አውሬ ይለዋል። አክሱም አዱሊስን የመሰለ ወደብ የነበራት፣ መርከብ የምታውቅ መንግሥት ነበረች፤ ዘንዶዋ ግን የየብስ ነው። አንዳንድ የታሪክ ሰዎች ይህን የጥንት የእባብ አምልኮ ትዝታ ነው ይሉታል። ሊሆን ይችላል። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ቲያማት ከፍጥረት በፊት የነበረች ሁከት ናት፤ ገዳይዋም አምላክ ነው። አርዌ ግን የመጣው ሰው፣ ከብትና መንደር ከተፈጠረ በኋላ ነው። በአንጋቦ ትረካ የገደለውም አምላክ አይደለም፤ ፍየል ያለው ሰው ነው። የእኛ ትረካ ሁከት የሚለው ያልተፈጠረውን ዓለም ሳይሆን በክፉ የተገዛውን አገር ነው።

እዚህ ላይ «ግብር» የሚለውን ቃል ልብ ይሏል። በቋንቋችን ሕዝብ ለንጉሥ የሚያስገባውም ግብር ነው፤ ንጉሥ አዳራሹን ከፍቶ ሕዝቡን የሚያበላውም ግብር ነው። ንጉሥ ግብር ይበላል፤ ግብርም ያበላል። አርዌ ግን የሚያውቀው መብላትን ብቻ ነው። የገደለውም ጦር አይደለም፤ በለመደው መንገድ፣ በለመደው ሰዓት የመጣለት ግብር ነው። 400 ዓመት ሙሉ ሲጎርስ የኖረ አፍ የመጨረሻውን ጉርሻ አልመረመረም።

እባብ ሁሉ ጠላት ነው እንዳይባል ደግሞ የደብረ ዳሞው አለ። በ6ኛው መቶ ዓመት አቡነ አረጋዊን ወደ አምባው ያወጣቸው ዘንዶ ነው ይላል ገድላቸው፤ ዛሬ ወንዶች በጠፍር እየተጎተቱ በሚወጡበት ገደል ማለት ነው። ከዚያም እጅግ ቀደም ብሎ የተጻፈ አንድ የግብፅ ትረካ፣ መርከቡ ሰጥማበት ከ120 ጓደኞቹ ብቻውን የተረፈ ባሕርተኛ በአንዲት ደሴት ላይ ስላገኘው 30 ክንድ ስለሚረዝም፣ ባለጢም እባብ ያወራል። እባቡ አይበላውም፤ ያጽናናዋል። ባሕርተኛው ወደ አገሬ ስገባ ሽቱና ዕጣን እልክልሃለሁ ቢለው ይስቅበታል፤ የፑንት ጌታ እኔ ነኝ፣ ከርቤው የኔ ነው ይለዋል። ፑንትን ብዙ ሊቃውንት የሚፈልጓት በዚሁ በእኛው ቀይ ባሕር ዳርቻና አካባቢው ነው። በዚህ ትረካ የሚሰጠው እባቡ ነው፤ እንግዳውን ስጦታ ጭኖለት ይሸኘዋል።

ስለዚህ መዛግብቱ አርዌን ከነገሥታቱ ተርታ ያልፋቁት በስሕተት አይመስለኝም። ሊያሞግሱት ፈልገው ነው ለማለትም አልደፍርም። ሕዝብ የገበረለት ሁሉ ገዝቷልና የገዛበትን ዘመን ቆጥረው ጻፉት፤ ምን እንደነበረም አልደበቁም። የዘንዶውን ዘመን ከዝርዝሩ የሚያወጣ ሰው የአንጋቦን ሥራም አብሮ ያወጣል።

በማግስቱ ለልጄ ይህን አሳጥሬ ነገርኳት። «ንጉሥ ያሉት ስለሚገብሩለት ነው» አልኳት። አሰብ አደረገችና ወደ ሥዕሉ ሄዳ መርዝ የምትበላዋን ፍየል ለረጅም ጊዜ አየቻት።

«ፍየሏስ ምን አጠፋች?» አለችኝ።

ለዚህኛው እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁም። ጎረቤታችንን እናት ብጠይቃቸው እሳቸውም ሳቁና «እኔም ልጅ ሆኜ አያቴን እሱኑ ጠይቄያቸው ነበር» አሉኝ።