የታዳጊዎች ተረት-ወለድ የፍቅር ፊልም

የታዳጊዎች ተረት-ወለድ የፍቅር ፊልም፣ ጥንታዊ ተረቶችንና የአስፈሪ ፍጡራን ታሪኮችን በአሥራዎቹ ዕድሜ ለሚገኙ ተመልካቾች ወደ ፍቅር ታሪክ የሚለውጥ የሆሊዉድ የፊልም ዘውግ ነው። የተስፋፋው በስቴፈኒ ማየር ልቦለድ ላይ የተመሠረተውና ካትሪን ሃርድዊክ ያዘጋጀችው «ትዋይላይት» እ.ኤ.አ. በ2008 ለእይታ ከበቃ በኋላ ነው፤ በ37 ሚሊዮን ዶላር ተሠርቶ ከ390 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። በ2011 ሃርድዊክ የቀይ ቆቧን ልጃገረድ ተረት ወደ ሰው-ተኩላ ታሪክ ለወጠችው፤ በዚያው ዓመት «ቢስትሊ» የውቢቷንና የአውሬውን ተረት ወደ ኒው ዮርክ አመጣው፤ በ2013 ደግሞ «ዋርም ቦዲስ» ዞምቢን አፍቃሪ አደረገ።

የዘውጉ መለያ አደጋውን ከጫካ አውጥቶ በአፍቃሪው ውስጥ ማኖሩ ነው፤ የፍቅሩም መፈተኛ ፍጡሩ ራሱን መግዛቱ ይሆናል። ፍቅር ጥንታዊውን ተረት አራከሰው የሚለው ትችት ግን ብዙ አያስኬድም፤ ፈረንሳዊቷ ደራሲ ቪልነቭ በ1740 የጻፈችውን የአውሬውን የፍቅር ታሪክ ሌላዋ ደራሲ ቦሞን በ1756 ያሳጠረችው ለወጣት ልጃገረዶች ማስተማሪያ ነበርና። ይበልጥ የሚመዝነው ዘውጉ አደጋን ያስውባል የሚለው ነው፦ በፈረንሳዊው ጸሐፊ ፔሮ የ1697 የቀይ ቆቧ ልጃገረድ ተረት ተኩላው ልጅቱን ይበላል፣ ምክሩም ከአንደበተ ለስላሳ እንግዳ መጠንቀቅ ነው፤ «ትዋይላይት» ግን ያንኑ እንግዳ በደም መጣጭ አፍቃሪ መልክ ተመራጭ ያደርገዋል። ስለዚህ ዘውጉ ከምንጮቹ የሚለየው ፍቅርን በማስገባቱ ሳይሆን ማስጠንቀቂያውን በመገልበጡ ነው።