ስለ መድኃኒት ጠርሙስ ማኅተም

በአገራችን ኮሶ የሚገዛ ሰው በገበያ ቆሞ አበባውን በእጁ ያፍሳል፤ ቀለሙን ያያል፤ ያሸታል፤ ሻጩንም ብዙ ጊዜ ያውቀዋል። ሐኪም ሳያዝለት ከመድኃኒት ቤት የራስ ምታት ማስታገሻ የሚገዛ ሰው ግን በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ስም አምኖ ይውጣል እንጂ ውስጡን ለመመርመር መንገድ የለውም። ይህ እምነት እንዴት እንደ ፈረሰና በምን እንደ ተጠገነ ለመረዳት በ1975 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1982) በአሜሪካ አገር በቺካጎ ከተማ አካባቢ የደረሰውን ነገር እንመለከታለን።

መስከረም 19 ቀን፣ በእኛ አገር መስቀል በተከበረ በሁለተኛው ቀን፣ ጉንፋን የያዛት የ12 ዓመት ልጃገረድ ታይለኖል የተባለውን ማስታገሻ ውጣ ሞተች። በዚያው ዕለት በሌላ መንደር አንድ ወጣት በድንገት ወድቆ ሞተ፤ የልብ ሕመም ነው ተባለ። ወንድሙና የወንድሙ ሚስት በለቅሶው ቤት ሳሉ ሕመም ቢሰማቸው ከዚያው ጠርሙስ አንሥተው ዋጡ። ሁለቱም አልተረፉም። የአካባቢው የጤና ነርስ ወደ ቤቱ ሄዳ ጠርሙሱን አገኘችና ፍሬዎቹን ብትቈጥር 6 ጐደሉ፤ ሟቾቹ 3 ናቸው። ነገሩ ከዚህ መድኃኒት ነው ስትል የተናገረችው ያን ጊዜ ነው። በምርመራም ሲያናይድ የተባለው መርዝ በካፕሱሉ ውስጥ ተገኘ። በጠቅላላው 7 ሰዎች ሞቱ፤ ፖሊሶችም በየመንገዱ በድምፅ ማጉያ እየለፈፉ ሕዝቡን አስጠነቀቁ።

የተመረዙት ጠርሙሶች ከልዩ ልዩ ፋብሪካ የመጡ ስለ ሆኑ፣ መርዙ የተጨመረው በፋብሪካ ሳይሆን በሱቅ መደርደሪያ ላይ ከዋሉ በኋላ እንደ ሆነ ታመነበት። ገዥው ግን ይህን ለይቶ አልፈረደም። የማስታገሻ ገበያውን አንድ ሦስተኛ ያህል ይዞ የነበረው ታይለኖል ከመቶ 10 እጅ እንኳ የማይሞላ ሆኖ ቀረ።

ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን የተባለው ኩባንያ 31 ሚሊዮን ያህል ጠርሙስ ከየሱቁ ሰበሰበ፤ ኪሣራውም ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። ስለዚህ ሥራው ብዙ ተመስግኗል፤ እኛም አንነፍገውም። ነገር ግን ገዥውን የመለሰው የኩባንያው ቸርነት ብቻ አይመስለንም። በዚያው ዓመት በኅዳር መድኃኒቱ በሙጫ በተጣበቀ ካርቶን፣ በአንገቱ የፕላስቲክ ቀለበት፣ በአፉም ስስ ማኅተም ተደርጎበት ወጣ። መንግሥትም ሌሎቹ ኩባንያዎች እንደዚሁ እንዲያሽጉ አዘዘ፤ በ1983 (እንደ አውሮፓውያን) መድኃኒት መበረዝን በመላው አገር የሚያስቀጣ ሕግ ወጣ። በዚህ ዘዴ የኮሶ ገዥ የነበረው መብት በከፊል ተመለሰ፤ ገዥው በዓይኑና በጣቱ የሚመረምረው ነገር አገኘ። አንድ ዓመት ያህል ሲያልፍ ሽያጩ አንሠራራ።

ሆኖም በ1986 በኒው ዮርክ አጠገብ አንዲት ሴት በተመረዘ የታይለኖል ካፕሱል ሞተች። ከዚያ ወዲያ ኩባንያው ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጠውን ካፕሱል ትቶ፣ ተከፍቶ ሊሞላ በማይችል ድፍን ፍሬ ለወጠው። በቺካጎ መርዙን የጨመረው ሰው ግን እስከ ዛሬ በፍርድ አልተለየም።