ኒውተን ያልጻፈው ቀመር

ጉልበት የግዝፈትና የፍጥነት ጭማሪ ብዜት ነው የሚለውን ቀመር ተማሪ ሁሉ በኒውተን ስም ያውቀዋል። መዛግብቱን ጎን ለጎን አስቀምጠን ስንመረምር ግን ባለቤትነቱ እንዲህ በቀላሉ አይረጋም።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1638 በላይደን በታተመው የጋሊሊዮ መጽሐፍ፣ አሥራ ሁለት ክንድ ግድም በሚረዝም ጣውላ ላይ በተቦረቦረና በብራና በተለበጠ ቦይ የነሐስ ኳስ ሲንከባለል፣ ጊዜውም በቀጭን ቱቦ በወረደ ውሃ ክብደት ሲለካ እናነባለን። ርቀቱም ከጊዜው ካሬ ጋር ተመጣጠነ። የሳይንስ ታሪክ ተመራማሪው አሌክሳንደር ኮይሬ እንዲህ ባለ መሣሪያ ይህን ያህል የጠራ ልኬት አይገኝም ብሎ ተጠራጥሮ ነበር፤ ቶማስ ሴትል ሙከራውን ደግሞ ሠርቶ በ1961 ውጤቱን ሲያሳትም ግን ጥርጣሬው ከልክ ያለፈ መሆኑ ታየ። ለጉዳያችን የሚበልጠው ሌላ ነው፦ ጋሊሊዮ ፍጥነቱ እንዴት እንደሚጨምር እንጂ ስለምን እንደሚጨምር መመርመሩን ሆን ብሎ ትቶታል።

ኒውተን በ1687 ዛሬ ሞመንተም የምንለውን በግዝፈትና በፍጥነት ለካው፤ በሁለተኛው ሕጉም የዚህ መጠን ለውጥ ካረፈበት ጉልበት ጋር ይመጣጠናል አለ። በሕጉ ቃል ውስጥ ጊዜ አልተጠቀሰም፤ በመሆኑም ጉልበቱ የቅጽበት ምት ነው ወይስ ሳያቋርጥ የሚገፋ በሚለው ላይ ሊቃውንት ተከራክረዋል። ያው ኒውተን ጋሊሊዮ የውድቀትን ሕግ በእነዚሁ ሕጎች አገኘ ማለቱ ከላይ ካየነው ጋር ስለማይገጥም፣ ቃሉን ከማስረጃ ይልቅ እንደ ልግስና ብንወስደው ይሻላል።

ግዝፈትን፣ የፍጥነትን ለውጥና ጊዜን በአንድ ቀመር አስተሳስሮ የሒሳብ ሊቁ ያዕቆብ ሄርማን በ1716 ለክብደት ጻፈ። ኦይለር ደግሞ በ1750 ለበርሊን አካዳሚ ባቀረበውና በ1752 በታተመው ጽሑፉ፣ ቀመሩን የመካኒክስ ሁሉ መሠረት አድርጎ ለሦስቱም አቅጣጫዎች ዘረጋው፤ በጽሑፉ ቀመር ውስጥ የምትታየውና ዛሬ አንባቢን ግር የምታሰኘው 2 ቁጥርም ከመለኪያ ምርጫው የመጣች ናት።

ግዝፈቱ እስካልተለወጠ ድረስ፣ ጉልበትን በሞመንተም ለውጥና በግዝፈትና በፍጥነት ጭማሪ ብዜት የሚገልጹት ሁለቱ አነጋገሮች አንድ ውጤት ይሰጣሉ። 2 ኪሎ ግራም የሆነ አካል ከቆመበት ተነሥቶ ፍጥነቱ በየሰከንዱ በ3 ሜትር በሰከንድ ቢጨምር፣ በ4ኛው ሰከንድ መጨረሻ ፍጥነቱ 12 ሜትር በሰከንድ፣ ሞመንተሙም 24 ኪሎ ግራም ሜትር በሰከንድ ይሆናል። 24ን ለ4 ብናካፍል ጉልበቱ 6 ኒውተን ነው፤ 2ን በ3 ብናባዛም ያው 6። ጉልበቱን ሳያቋርጥ የሚገፋ አድርገን ከወሰድነው፣ የመጀመሪያው ስሌት የኒውተንን ሕግ ይከተላል፤ ሁለተኛውን ግን መዝገቡ ለሄርማንና ለኦይለር እንድንሰጥ ያስገድደናል።