አልበም የሚሠራው ክፍሉ ነው

እስቲ ከሩቅ እንነሳ። እ.ኤ.አ. በ1988 (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ኒው ኦርደር የተባለው የእንግሊዝ ባንድ አዲስ አልበም ሊሠራ ኢቢዛ ወደምትባል የስፔን ደሴት ሄደ። እነዚህ ልጆች ሮክን ከዳንስ ቤት ምት ጋር በማጋባት የታወቁ ናቸው። የተከራዩት ስቱዲዮ ማደሪያም ነበር፤ እዚያው ይበላል፣ እዚያው ይተኛል፣ እዚያው ይቀረጻል። ችግሩ ደሴቲቱ የዳንስ ቤት አገር መሆኗ ነው። ሌሊቱን ሲጨፍሩ ከርመው ሥራው ሳያልቅ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ የቀረውንም ሙዚቀኛው ፒተር ገብርኤል እንግሊዝ ገጠር ውስጥ ባቋቋመው ሌላ ባለማደሪያ ስቱዲዮ ጨረሱት። «ቴክኒክ» የሚል ስም የሰጡት ይህ አልበም በ1989 መጀመሪያ ላይ ወጥቶ በእንግሊዝ ሽያጭ አንደኛ ሆነ።

«ታዲያ ይሄ ለጅግጅጋ ልጅ ምኗ ነው?» ትሉኝ ይሆናል። ሁለት ነገሯ ነው። አንደኛ፣ ባንድ አንድ ቤት ውስጥ ተዘግቶ ሲከርም ምን እንደሚወለድ የእኛም አገር ሰዎች ያውቁታል። ሁለተኛ፣ 1988 ለእኛ ሰፈር ሌላ ዓመት ነው። እሱን ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

በ1970ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ ባለማደሪያ ስቱዲዮ የሚባል ነገር አልነበረም። ሆቴል ግን ነበረ። ዋልያስ ባንድ የሂልተን፣ ዳህላክ ባንድ የግዮን፣ አይቤክስ ባንድ የራስ ሆቴል ነበሩ። ባንዱ ለሆቴሉ ተቀጥሮ በየምሽቱ ይጫወታል፤ መሣሪያው እዚያው ያድራል፣ ልምምዱም እዚያው ነው። ደርግ ሲመጣ ደግሞ ሰዓት እላፊ ታወጀ። ከእኩለ ሌሊት በፊት ክበብ የገባ ሰው እስኪነጋ አይወጣም። ሰው ካልወጣ ባንዱም አይቆምም። ውጭ ቀይ ሽብር፣ ውስጥ ኦርጋንና ሳክስፎን፤ እስከ ንጋት። ያንን ዘመን ለማሞገስ አይደለም፤ ማንም እንደዚያ ተዘግቶ እንዲያድር አልመኝም። ግን ልብ በሉ፤ በየሌሊቱ እስኪነጋ አብሮ የሚጫወት ባንድ አንዱ የሌላውን ትንፋሽ ያውቃል።

አይቤክስ በ1976 ያለ ድምፃዊ የቀረጸው አልበም የተሠራው በዚያው በራስ ሆቴል አዳራሽ ነው። መሣሪያውን የያዘላቸው በአዲስ አበባው የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ ይሠራ የነበረ ስዊድናዊ ባለሙያ ነበር። የተለየ ስቱዲዮ አልተሠራም፤ የቀረጻ መሣሪያው ባንዱ ወዳለበት መጣ።

ለእኛ ለምሥራቆቹ ቀረብ የሚለው ግን የ1978ቱ ካሴት ነው። የዋልያሱ ኦርጋን ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ ከራሱ ባንድ ወጣ ብሎ ከግዮኑ ዳህላክ ጋር ሆነ፤ ክበቡ ደንበኛ በማይኖረው በከሰዓት በኋላው ጊዜ እዚያው ግዮን ውስጥ ቀረጹት። ስሙ «ወደ ሐረር ጉዞ» ነው። ኃይሉ በኋላ ከዋልያስ ጋር ለሥራ አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ፤ ዋሽንግተን ውስጥ ለዓመታት ታክሲ ነዳ። ካሴቱ በ2016 አሜሪካ ውስጥ እንደገና ታትሞ ዓለም ሰማው።

ወደ ሐረር። እኛ እንደምናውቀው ግን መንገዱ ሐረር ላይ አያልቅም። በባቢሌ አልፎ፣ ካራማራን ወጥቶ፣ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጅግጅጋ ይገባል። ጅግጅጋ በመስከረም 1977 በሶማሊያ ጦር ተያዘች፤ በመጋቢት 1978 መጀመሪያ የኢትዮጵያና የኩባ ጦር መልሶ ያዛት። ግዮን ውስጥ ካሴቱ በተቀረጸበት ዓመት እዚህ የሚሰማው ምት የመድፍ ነበር። አንድ መንገድ፣ አንድ ዓመት፣ በአንዱ ጫፍ ክፍል ያለው ባንድ፣ በሌላው ጫፍ ጣራ የሌለው ቤት።

ከድንበሩ ማዶ ያለው የሶማሊኛ ሙዚቃም የራሱ ክፍሎች ነበሩት። ኢፍቲንና ዱር ዱርን የመሳሰሉ የሞቃዲሾ ባንዶች ሆቴል ውስጥ ያስጨፍሩ ነበር፤ ዋናዎቹ የቀረጻ ክፍሎች ግን የመንግሥት ሬዲዮዎቹ፣ የሞቃዲሾና የሐርጌሳ፣ ነበሩ። እንግዲህ 1988 መጣ። ኒው ኦርደሮች ኢቢዛ በሚጨፍሩበት በዚያው ዓመት የዚያድ ባሬ አውሮፕላኖች ሐርጌሳን ደበደቧት። አደጋው እንደሚመጣ የገባቸው የሬዲዮ ሰዎች ካሴቶቹን ወደ ጅቡቲና ወደ ኢትዮጵያ አሻገሩ፤ የተወሰነውንም መሬት ውስጥ ቀበሩት። ሕዝቡ ወደኛ ፈለሰ። ከጅግጅጋ በላይ ያለው የሐርትሼክ ካምፕ ብዙ ሰው በነበረበት ጊዜ ከ250,000 በላይ ስደተኞች ይዞ ነበር፤ የተዘጋው በ2004 ነው። ከእነዚያ ከዳኑ ካሴቶች ከተመረጡ ዘፈኖች በ2017 የወጣ ስብስብ አልበም ለግራሚ ሽልማት እስከ መታጨት ደረሰ።

ካሴቱ ተረፈ፤ ክፍሉ ግን አልተረፈም። የሚቆጨኝ ይሄ ነው። የተቀበረ ካሴት ቆፍሮ ማውጣት ይቻላል። በየምሽቱ አብሮ የሚጫወት ባንድን ግን ከመሬት ቆፍሮ የሚያወጣ የለም።

ክፍሉ ሲተርፍ ምን እንደሚሆን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በደወሌ በኩል ድንበሩን ተሻገሩ፤ ጅቡቲ ናችሁ። የአገሪቱ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ባንድ አባላት የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው። በ2019 አንድ የአሜሪካ አሳታሚ ተንቀሳቃሽ ስቱዲዮ ይዞ መጣ፤ በሬዲዮው ክፍል ውስጥ በሦስት ቀን አልበም ቀርጸው በ2020 አወጡት። ሦስት ቀን! ሰው የሚገረመው በሦስቱ ቀን ነው። ሦስት ቀን የበቃቸው ግን ከዚያ በፊት በአንድ ክፍል፣ በአንድ ደመወዝ፣ ለዓመታት አብረው ስለቆዩ ነው።

ወደ ጅግጅጋችን እንመለስ። ሠርግ ላይ የምናየው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ኪቦርድና አንድ ድምፃዊ ነው። ድምፃዊው ጎበዝ ነው፤ ኪቦርዱም ከበሮውን፣ ቤዙን፣ ሳክስፎኑን ሁሉ «ይጫወታል»። ሠርጉ ሲያልቅ ሁለቱም ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። ቀረጻ ዛሬ ችግር አይደለም፤ አንድ ላፕቶፕና ሁለት ማይክ ከነዚያ የራስ ሆቴል ሰዎች መሣሪያ የተሻለ ይሠራሉ። የጎደለው አምስት ልጆች ነገም፣ ከነገ ወዲያም ተመልሰው የሚገናኙበት በር ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለመንግሥት አይደለም፤ ለሆቴል ባለቤቶች ነው። ከተማው በርጫ ላይ በሚሆንበት ከሰዓት በኋላ ስንት አዳራሽ ባዶውን ይውላል? አንዱን ለአንድ ባንድ ስጡ። ከበሮው እዚያው ይደር፤ ሐሙስ ማታ ለእንግዶቻችሁ ይጫወቱላችሁ፤ ትንሽ ደመወዝ ቁረጡላቸው። ግዮን ያደረገው ከዚህ ብዙም አይበልጥም። «ወደ ሐረር ጉዞ» ተሠርቷል። ከሐረር ጅግጅጋ ያለውን መቶ ኪሎ ሜትር የሚጫወትልን ይጠፋል?